ከሪዋቅ እስከ ሰመር ስኩል



«የጋራ ዓለም አቀፍ ሰመር ስኩል» የሚለው ማስታወቂያ ዘንድሮም ተለጥፏል። የሦስት የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች አርማ ከላይ በትልቁ፣ የኛ ግቢ አርማ ደግሞ ከታች ጥግ ላይ ይታያል። ጀመዓችን ውስጥ ከሰሞኑ ወሬው ሁሉ እሱ ነው፤ ከመግሪብ በኋላ የማይጠያየቅ ሰው የለም። አምና ያመለከትን ልጆች ስላለን፣ ያየነውን ለዘንድሮ አመልካቾች ማካፈል ፈለግን።

መጀመሪያ የአሠራሩን ነገር እናንሳ። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ፕላስ በሚባለው ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ አጫጭር የጋራ ኮርሶችን ይደግፋል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ቢያንስ ከሦስት አገር የመጡ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ይጣመራሉ፤ ተማሪው ከ5 እስከ 30 ቀን በአካል፣ ሌላውን ክፍል በኢንተርኔት ይማራል፤ ሲጨርስ ቢያንስ 3 የአውሮፓ ክሬዲት ያገኛል። እነዚያ ሦስቱ ግን በፕሮግራሙ ውስጥ ካሉ አገሮች መሆን አለባቸው። እንደኛ ያለ ግቢ ሲጨመር አራተኛ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ወንበሩን አንንቀውም። ነገር ግን ቀኑን የሚቆርጡት ሌሎቹ ናቸው፤ የአምናው ችግር የመጣውም ከዚያ ነው።

አምና ከጀመዓችን አራት ልጆች ተመረጡ። ትምህርቱ የሚጀምረው በሰኔ መጨረሻ ሲሆን የግብዣው ደብዳቤ የደረሰው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ኢትዮጵያውያን ለሸንገን ቪዛ ሲያመለክቱ መልስ የሚጠብቁበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አሳድጎታል። ከዚያው ዓመት ሰኔ ጀምሮ ደግሞ የማመልከቻው ክፍያ 90 ዩሮ ሆኗል፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። እንግዲህ ቀጠሮ የሚያዝበትን ጊዜ ጨምራችሁ ቁጠሩት። ከአራቱ አንዱ ገንዘቡን ከቤተሰብ መጠየቅ ከብዶት ገና ከመነሻው ተወው። የሁለቱ መልስ የመጣው ትምህርቱ አልቆ ፎቶው ሁሉ ከተለጠፈ በኋላ ነው። የሄደችው አንዲት እህታችን ብቻ ናት፤ እሷም የሄደችው ለአዘጋጆቹ ደጋግማ ኢሜይል እየጻፈች ደብዳቤዋን በሚያዝያ ወር ስላስላከች ነው። አዘጋጆቹ ክፉ ሰዎች ናቸው አንልም። የነሱ ተማሪ ባቡር ተሳፍሮ በሦስት አገር ሲያልፍ ቪዛ የሚጠይቀው የለም፤ አርባ አምስት ቀን የሚባል ነገር በሐሳባቸውም አልመጣ።

በየጁሙዓው በምንቀራት ሱረቱል ካህፍ ውስጥ ነብዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ዒልም ፍለጋ የወጡበት ታሪክ አለ። ስለ ትዕግሥቱ ብዙ ሰምተናል። ስለ ስንቁ ግን እምብዛም አናወራም። እዚያው ታሪክ መሐል ደክሟቸው ምሳቸውን ይጠይቃሉ፤ የዓሣውም ነገር የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። ዒልም ፈላጊ ይርበዋል፣ ይደክመዋል፣ ማደሪያ ይፈልጋል።

ይህን ቀደምቶቻችን በደንብ አውቀውታል። ካይሮ በሚገኘው አል-አዝሀር «ሪዋቀል ጀበርት» የሚባል፣ ከኛ አካባቢ ለሚሄዱ ሙስሊም ተማሪዎች የተለየ ማደሪያ ነበር። የራሱ ሸይኽ ነበረው። የአዝሀር ሪዋቆች በወቅፍ የሚተዳደሩ ስለነበሩ ተማሪው የዕለት ዳቦ ይሰፈርለት ነበር። ታዋቂው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የዘር ሐረጋቸው የሚመዘዘው የዚህ ሪዋቅ ሸይኽ ከነበሩት አያታቸው ነው። በአገራችንም ወሎ ላይ ኪታብ ሊቀራ የመጣውን ደረሳ የሚያበላው መንደሩ ነበር። እኛ ሰመር ስኩል የምንለው ነገር ከዚህ አንጻር ሲታይ ክፍሉ ተሟልቶ ሪዋቁ የጎደለ ነው።

እህታችን ስትመለስ ያወራችልን ስለ ክፍሉ ብቻ አይደለም። ምግቡ ሐላል መሆኑን የሚነግራት ስላጣች ሁለት ሳምንት አትክልትና ዓሣ በልታ ከረመች። የሶላት ነገርማ ሌላ ነው። በሰሜን አውሮፓ ክረምታችን የነሱ በጋ ነው፤ ለምሳሌ ኦስሎ ላይ በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ40 አካባቢ ሲሆን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሳይሞላ ተመልሳ ትወጣለች። ዒሻ መቼ፣ ፈጅር መቼ? ዑለሞች ያስቀመጧቸው አማራጮች ስላሉ ከመሄዳችሁ በፊት ኡስታዞቻችንን ጠይቁ፤ እዚያ ሄዶ እኩለ ሌሊት ላይ ስልክ መጎርጎር አያዋጣም። አልሐምዱሊላህ፣ በሦስተኛው ቀን ከአንዲት ቦስኒያዊት ጋር ሆነው ስለ መስገጃ ቦታ ጠየቁ፤ አንዲት ትንሽ ክፍል ወዲያው ተከፈተችላቸው። እስከዚያ ድረስ የጠየቀ ስላልነበረ ነው።

ከሁሉ የገረመን ግን ይኸኛው ነው። የትምህርቱ ርእስ ከተማና ጎርፍ ነበር። እህታችን የድሬዳዋ ልጅ ናት። በ1998 ዓ.ም ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የጨረሰበትን ሌሊት ከእናቷ አፍ እየሰማች ያደገች ናት። በቡድን ሥራው ላይ፣ ከወር እስከ ወር ደርቆ መንገድና ገበያ የሚሆን ወንዝ ደጋ ላይ በጣለ ዝናብ ባንድ ሌሊት እንዴት እንደሚመጣ ስታስረዳ፣ የተዘጋጀው ስላይድ ቀረና ሰዓቱ በሙሉ በጥያቄ አለቀ። መምህሩ ራሱ ማስታወሻ ሲይዝ ነበር አለችን። እንዲህ ከሆነ ይህ ትምህርት አንድ ዓመት እዚያ፣ አንድ ዓመት ድሬዳዋ ወይም ኮምቦልቻ ቢሰጥ ምን ይከለክላል? የነሱ ተማሪ የኢትዮጵያን ቪዛ በኢንተርኔት ማመልከት ይችላል፤ አሠራሩ አለ። «በጋ» ብለው የሚመጡበት ሐምሌ እኛ ዘንድ ዝናብ ነው የሚል ካለ፣ ጎርፍ የሚጠናው ታዲያ መቼ ነው?

አቅጣጫው ሲገለበጥም አዲስ ነገር አይሆንም። የታሪክ ጸሐፊው አባት ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ የሒሳብና የፈለክ ሊቅ ነበሩ። ልጃቸው እንደጻፉት፣ በ1159 ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1746 አካባቢ፣ ከአውሮፓ የመጡ ተማሪዎች ካይሮ ድረስ ሄደው ከሳቸው ጂኦሜትሪ ተምረዋል። የጀበርት ልጅ ቤት ቁጭ ብለው ማለት ነው።

ጀመዓችን ለግቢያችን የውጭ ግንኙነት ቢሮ ደብዳቤ አስገብቷል። የግብዣው ደብዳቤ ትምህርቱ ከመጀመሩ ቢያንስ ሦስት ወር በፊት እንዲላክ፣ የቪዛው ክፍያ ከትምህርቱ በጀት እንዲሸፈን፣ የከርሞው ዙር እዚህ እንዲዘጋጅ ጠይቀናል። የመጀመሪያውን ለአጋሮቹ እንደሚያቀርቡ ነግረውናል፤ ሁለተኛውን እንየው ብለዋል፤ ሦስተኛው ላይ ሳቅ አሉ፣ ግን ደብዳቤውን አልመለሱም። እንግዶቹ ቢመጡ የት ያድራሉ፣ ምን ይበላሉ የሚለውን ጀመዓችን ከግቢው ጋር ሆኖ ለመሸፈን ምን ያህል እንደሚችል የሚያጠኑ አምስት ልጆች ተመድበዋል።

ለዘንድሮ የምታመለክቱ ወንድሞችና እህቶች፣ ፓስፖርት የሌላችሁ ውጤት ሳትጠብቁ አሁኑኑ አውጡ። ክሬዲቱ ትራንስክሪፕታችሁ ላይ ይገባ እንደሆነ ከሬጅስትራር በጽሑፍ ተቀበሉ። ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ የአምናዋ ተጓዥ የማመልከቻ ጽሑፋችሁን ታይላችኋለች፣ ኢንሻአላህ፤ ኮፒ አድርጋችሁ ኑ።