ሁሉም ሕመም ጨጓራ አይደለም

እኛ ሰፈር፣ ማለትም የካ ውስጥ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ባለው መንደር፣ ከእምብርቱ በላይ ያመመው ሰው ሁሉ ጨጓራ አለበት። ምርመራው ቡና ላይ ይካሄዳል፤ መድኃኒቱም እዚያው ይታዘዛል። አንዷ ተልባ፣ አንዷ እርጎ፣ ሌላዋ ኦሜፕራዞል። በመጨረሻ ደግሞ ቡና እየጠጡ «ቡና ተይ» ብለው ይፈርዳሉ!

ሐሞትን የሚያስታውሳት የለም። ለነገሩ ቋንቋችን አሳምሮ ያውቃታል፤ ጀግናውን ሐሞተ ኮስታራ፣ የፈራውን ሐሞቱ ፈሰሰ እንላለን። ሲያመን ግን እንረሳታለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፤ የሚጠራቀመው ከጉበት ሥር ባለች ትንሽ ከረጢት ውስጥ ነው። ቅባት ስንበላ ከረጢቷ ተኮማትራ ሐሞቱን ወደ አንጀት ትልካለች። በሐሞቱ ውስጥ ኮሌስትሮል ሲበዛ ወይም ከረጢቷ በደንብ ሳትራገፍ ስትቀር ጠጠር ይሠራል። ብዙ ጊዜ ጠጠሩ ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል። መውጫውን ሲዘጋ ነው ጉዱ! ከቀኝ ጎድን ሥር ተነስቶ ወደ ጀርባና ወደ ቀኝ ትከሻ የሚሄድ፣ ሰዓታት የሚቆይ ሕመም ያመጣል። ሴቶችን ከወንዶች ይበልጥ ያጠቃል፤ እርግዝናም ያባብሰዋል።

አክስቴ ሁለት ዓመት «የጨጓራ በሽተኛ» ነበረች። አንድ ክሊኒክ የባክቴሪያ ኪኒን ሁለት ዙር አስውጧታል። ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ደህና ትሰነብታለች። የፋሲካው ዶሮና ቅቤ ሲገባ ግን ስታቃስት ታድራለች። ጎረቤቱ «ስታበዢ ነው» ይላታል። በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም «እናቴ፣ ምን ሲበሉ ነው የሚነሳብዎት?» ብሎ ጠየቃት። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቃት አልነበረም። አልትራሳውንድ አዘዘ፤ ሦስት ጠጠር ተገኘ።

«አልቀደድም፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል እገባለሁ» አለች። ገባች። በሦስተኛው ሳምንት ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ ጠጠሩ የሐሞቱን ቱቦ ዘግቶት ኖሯል። ጸበሉንም ጠጥታ፣ ኦፕራሲዮኑንም ሆና ዳነች። ሁለቱ እንደማይጣሉ ዛሬ ራሷ ትመሰክራለች።

ቀዶ ጥገናው የትናንት ፈጠራ አይደለም። ካርል ላንገንቡክ የሚባል ሐኪም በርሊን ላይ የሐሞት ከረጢትን ቆርጦ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ክርክሩ ቀላል ነበር፦ ጠጠሩን ብቻ ብናወጣ ከረጢቷ ሌላ ትሠራለች። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ኤሪክ ሙህ የተባለ ጀርመናዊ ሆድን በሰፊው ሳይከፍት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች አወጣት። ሰው ያለ ሐሞት ከረጢት ይኖራል፤ ሐሞቱ ከጉበት በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል።

የቡናው ፍርድስ? እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 46 ሺህ ያህል ወንዶችን ለአሥር ዓመት ተከታትሎ ነበር። በቀን ከ2 እስከ 3 ስኒ ቡና የሚጠጡት፣ ከማይጠጡት ይልቅ በሐሞት ጠጠር የመታመም ዕድላቸው በ40 በመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ ግን ቡና መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም ቡና ከረጢቷን ስለሚያኮማትር ጠጠር ላለበት ሰው ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል።

እናላችሁ፣ እናታችሁ «ጨጓራዬ» ስትል ተልባውን ከማቅረባችሁ በፊት ጠይቋት። ቅባት ከበላች በኋላ ነው? ወደ ትከሻዋ ይሄዳል? እንዲያ ከሆነ ሐኪሟን ስለ አልትራሳውንድ ትጠይቅ። ትኩሳት ካላት ወይም ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ግን ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷት።