የማርክ አወዳደቅ

ገንዘብ ቃል ነው። ፊርማና ማኅተም ቢያርፍበትም ዋጋ የሚኖረው ቃሉን የሰጠው ወገን ቃሉን እስካከበረ ድረስ ብቻ ነው። የጀርመን ማርክ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1914 አንድ የአሜሪካ ዶላር በ4.20 ማርክ ይመነዘር ነበር። በዚያው ዓመት ጦርነት ሲፈነዳ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወጪውን በግብር ሳይሆን በአብዛኛው በብድር ለመሸፈን መረጠ። መምህሩም፣ የቢሮ ጸሐፊውም፣ ባሏ የሞተባት እናትም ጥሪታቸውን አውጥተው የጦርነት ቦንድ ገዙ። ጦርነቱ በ1918 በሽንፈት አበቃ፤ የካሣ ዕዳም ተጨመረበት። በጃንዋሪ 1923 የፈረንሳይና የቤልጂግ ወታደሮች የሩርን የኢንዱስትሪ ክልል ሲይዙ፣ በተቃውሞ ሥራ ላቆመው ሠራተኛ የሚከፈለው ገንዘብ ከማተሚያ መኪና ወጣ።

በዚያ ዓመት የቱሪንጊያ ክፍለ ሀገር ባንክ የአስቸኳይ ጊዜ ኖት ንድፍ እንዲያዘጋጅ ያዘዘው፣ በቫይማር ባውሃውስ ትምህርት ቤት ይማር የነበረውን ኸርበርት ባየርን ነበር። ወጣቱ ሠዓሊ የንጉሥ መልክ አልሣለም፤ ጉልህ ቁጥርና ፊደል አሰፈረ፦ 1 ሚሊዮን፣ 2 ሚሊዮን። ብዙም ሳይቆይ ያም ቁጥር አነሰ። በኖቬምበር አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ አወጣ። ሠራተኛው የዕለት ደመወዙን እንደተቀበለ ወደ ዳቦ መሸጫ ይሮጥ ነበር፤ ከዘገየ ዋጋው ጥሎት ይሄዳልና።

ጉዳቱ ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። እንደ ሁጎ ሽቲነስ ያሉ ከበርቴዎች ተበድረው ማዕድንና ፋብሪካ ገዙ፤ ዕዳቸውንም ዋጋ ባጣ ወረቀት ከፈሉ። ከሁሉ የበለጠው ተበዳሪ ደግሞ መንግሥት ራሱ ነበር። 154 ቢሊዮን ማርክ ይደርስ የነበረው የአገር ውስጥ የጦርነት ዕዳው በኖቬምበር 1923 በ1914ቱ ማርክ ሲተመን 15 ፕፌኒግ ያህል፣ ማለትም ከአንድ ማርክ አንድ አምስተኛ ያነሰ ሆነ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ የጦርነቱን ዕዳ የከፈለው ራሱ ያበደረው ሕዝብ ሆነ።

በኖቬምበር 15 ቀን 1923 ሬንተንማርክ የተባለ አዲስ ገንዘብ ወጣ። 1 ሬንተንማርክ በ1 ትሪሊዮን የወረቀት ማርክ ተተመነ፤ ዋጋም ረጋ። የመምህሩና የእናቲቱ ቁጠባ ግን እንደ ዋጋው አላገገመም፤ በ1925 የወጣው ሕግ የካሰላቸው ከጠፋባቸው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ዛሬ የባየር ኖቶች በቤተ መዘክር ይታያሉ። ተመልካች የፊደላቸውን አቀማመጥ ያደንቃል፤ የሚደነቅም ነው። ዜሮ ሲበዛ ማን እንደሚከፍል ለሚጠይቅ ሰው ግን እነዚያ ኖቶች፣ ዕዳው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳዩ ደረሰኞች ናቸው።