ሕፃንን ይዞ ከተማን ስለ መጐብኘት

ልጅ ማሳደግ ማለት ማብላት፥ ማልበስና ትምህርት ቤት ማስገባት ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ግዴታ መሆናቸውን ማንም አይክድም። ነገር ግን የሕፃን ሆድ በእንጀራ እንደሚጠግብ ሁሉ ልቡናው በማየትና በመጠየቅ የሚጠግብ ስለ ሆነ፥ በወላጅ ላይ አራተኛ ግዴታ ይጨመራል፤ ይኸውም የሚያድግበትን ከተማ እጁን ይዞ ማሳየት ነው።

በአዲስ አበባ የሚያድግ ሕፃን ከቤቱ ወደ ትምህርት ቤቱ፥ ከትምህርት ቤቱም ወደ ቤቱ ይመላለሳል። እሑድ በመጣ ጊዜ አባት ከሥራው ድካም ያርፋል፤ ሕፃኑም በእጅ ስልክ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ሥዕል ሲመለከት ይውላል። እንዲህ እያለ ዐሥር ዓመት የሞላው ልጅ የሩቅ አገር ተረት ጀግኖችን አንድ ባንድ ሲጠራ፥ ከቤቱ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ያለው ሐውልት የማን እንደ ሆነ ቢጠይቁት ዝም ይላል። ይህ የልጁ ጥፋት አይደለም፤ ያላሳዩትን ከየት ያውቀዋል?

ስለዚህ የአምስት ዓመት ሕፃን ይዘን በዕረፍት ቀን ያየነውን ለክቡራን አንባብያን ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ከዚህ በታች ጽፈነዋል። ሕፃኑ የሟች እኅታችን ልጅ ነው። እናቱ ካረፈች በኋላ ከእኛ ዘንድ መጥቶ ሲኖር ይበላል፥ ይተኛል፥ የታዘዘውንም ይፈጽማል፤ ነገር ግን በዕድሜው እንዳሉት ልጆች «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅን ትቶ ነበረ። ከተማውን ለማሳየት ያነሣሣንም ይህ ዝምታው ነው።

አስቀድሞ ስለ መሰናዶው ጥቂት እንናገር። ከሕፃን ጋር በአንድ ቀን ሁለት ቤተ መዘክር ማየት አይገባም፤ አንዱም ቢሆን ከአንድ ሰዓት ተኩል የበለጠ እንዳይሆን። የጧቱ ጊዜ ይመረጣል፤ ሕፃን ከቀትር በኋላ ይደክመዋልና። በዘምቢል ውሃ፥ ዳቦ፥ ሙዝና ጥቂት ቆሎ መያዝ፥ ከመግባትም በፊት የመጸዳጃውን ቦታ አይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ቤት ለእድሳት የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፥ በሩ ክፍት መሆኑን አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ ሕፃኑን ከማሳዘን ያድናል። ከሁሉ የሚበልጠው ምክር ግን በየመስተዋቱ ላይ የተጻፈውን ሁሉ እያነበቡ ሕፃኑን አለማሰልቸት ነው። እርሱ ራሱ የወደደውን አንድ ነገር ይምረጥ፤ በዚያ ፊት እስኪጠግብ ይቁም፤ አዋቂው ደግሞ የተጠየቀውን ብቻ ይመልስ።

በመጀመሪያ የሄድነው አምስት ኪሎ ወዳለው ወደ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ነው። በምድር ቤቱ ድንቅነሽ ትገኛለች። አጥንቷ በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሐዳር በሚባል ስፍራ ተገኘ፤ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከመላው አጽሟ ከመቶው አርባው እጅ ያህል ስለ ተገኘ፥ አቋቋሟና አካሄዷ እንዴት እንደ ነበረ ሊቃውንት ለመመርመር ቻሉ፤ በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደ ነበረም አስረዱ። በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየው አምሳያዋ ነው፤ እውነተኛው አጥንት ለብቻው ተጠብቆ ይቀመጣል። አንደኛው አምሳያ ተጋድሞ፥ ሁለተኛው ቆሞ ይታያል። ቁመቷ አንድ ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር ገደማ ስለ ሆነ የአምስት ዓመት ሕፃን በአጠገቧ ቢቆም ትከሻ ለትከሻ ይተካከላል። የእኛም ሕፃን ይህን ባየ ጊዜ ተረከዙን አንሥቶ ሊበልጣት ሞከረና ፈገግ አለ።

ከዚያው ስፍራ የሰላም ታሪክ አለ። ሰላም በ1993 ዓ.ም. ከአዋሽ ወንዝ ማዶ ዲኪካ በሚባል ስፍራ፥ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በመሩት ጓድ የተገኘች ሕፃን ናት። በሞተች ጊዜ ዕድሜዋ ሦስት ዓመት ገደማ እንደ ነበረ ይገመታል። ፊቷን ሳይቀር እንደ ድንጋይ የጠነከረ አሸዋ ይዞት ስለ ነበረ፥ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት እየተፋቀ ለመውጣት ከአምስት ዓመት በላይ ፈጀ፤ ወሬዋም ለዓለም የተሰማው በ1999 ዓ.ም. ነው። ሰዎች የድንቅነሽ ልጅ ይሏታል እንጂ፥ እርሷ የኖረችው ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ስለ ሆነ ከእናት ተብዬዋ በብዙ ሺሕ ዓመት ትቀድማለች።

ይህን ለሕፃኑ እንደሚገባው አድርገን ስንነግረው፥ «ጋሼ፥ እናቷስ? ሩቅ አገር ሄዳ ነው?» ብሎ ጠየቀን።

ይህ ቃል ከየት እንደ መጣ ገባን። ባገራችን ልማድ ለሕፃን መርዶ አይነገርምና ዘመዶቹ «እናትህ ሩቅ አገር ሄዳለች» ብለውት ነበረ። ጥቂት ዝም ብለን ቆየንና፥ «አይደለም ልጄ፤ እናቷ ሞታለች። እርሷም ሞታለች። ነገር ግን ያገኟት ሰዎች ስለ ወደዷት ስም አውጥተው ይጠብቋታል» አልነው።

ሕፃኑም መስተዋቱን በጣቱ እየነካ፥ «የኔም እማዬ ሞታለች፤ አውቃለሁ» አለ። ቀጥሎም፥ «ስሟን ሰው ይጠብቃል?» ብሎ ጠየቀ። «እኔና አንተ እንጠብቃለን» ብለን መለስንለት። ከዚህ በኋላ ወደ ላይ ወጥተን ሰፊውን የእንጨት ዙፋንና የነገሥታቱን ልብስ አየን፤ እርሱም ስለ ዙፋኑ እግር፥ ስለ ልብሱ ወርቅ፥ ስለ ዘበኛውም ቆብ ሳይቀር ጥያቄ እያከታተለ እስከ ቤታችን ድረስ አላረፈም። ቤተ መዘክር ለሕፃን ከትምህርት በላይ የሚሰጠው እንዲህ ያለውን ነው፤ በቤት ውስጥ ቃል ያጣለትን ነገር በሌላ ሰው ታሪክ ይጠይቀዋል። አዋቂውም በዚያ ጊዜ እውነቱን በለሰለሰ ቃል ቢመልስለት ሕፃኑ አይሰበርም።

በሁለተኛው ጊዜ ወደ ስድስት ኪሎ ወጣን። የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ከተሰጠ በኋላ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር በውስጡ ተደራጀ። በዚህ ቤት ነገሩ የተሰናዳው እንደ ሰው ዕድሜ ነው፤ ከልደትና ከሕፃንነት ተጀምሮ በጕልማሳነት በኩል እስከ ሞት ይደርሳል። ስለዚህ ሕፃን የራሱን ወገን በመጀመሪያው ክፍል ያገኛል። በገናውን፥ መሰንቆውንና ክራሩን፥ የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌይቱንም መኝታ ቤት አይቶ ይወጣል።

ከቤቱ ፊት ለፊት በውጭ፥ ወደ ሰማይ ጠምዞ የሚወጣና ወዴትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ይህን ያቆመው የፋሽስት ጣልያን ነው፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ለገዛበት ዓመት ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ቈጥሮ 14 አደረሰ። ከነፃነት በኋላ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠበት። ሕፃኑ ፊደል እንደሚቈጥር በጣቱ እያመለከተ ከታች እስከ ላይ ቈጠረውና፥ «ዐሥራ አምስተኛውስ?» አለ። «ዐሥራ አምስተኛው አንበሳው ነው» አልነው። ለአምስት ዓመት ልጅ የታሪክ ትምህርት ከዚህ የረዘመ አያስፈልገውም። ከዩኒቨርሲቲው በር ውጭ በአደባባዩ መካከል የቆመው ሐውልት፥ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግፍ ላለቁት ሰማዕታት መታሰቢያ መሆኑንም በአጭሩ መንገር ይበቃል፤ ዝርዝሩ ሲያድግ ይደርሳል።

ሦስተኛው ጉብኝታችን በመስከረም 2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው አንድነት ፓርክ ነው። ይህ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ቅጥር ሲሆን የመግቢያው ዋጋ ከሌሎቹ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ለልደት ቀን ወይም ለበዓል ቢቀመጥ መልካም ነው። ሕፃናት ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት «እንቁላል ቤት» የሚባለውን ሰገነት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ይጸልዩበት፥ ከተማይቱንም በመነጽር ይመለከቱበት የነበረ ነው፤ የስሙም ነገር ብቻውን ሕፃንን ያስቃል። ጎፈሩ ጥቁር የሆነው የኢትዮጵያ አንበሳም በዚሁ ይታያል። ሊቃውንት በዘር ምርመራ ይህ ያገራችን አንበሳ ከሌሎቹ የተለየ መሆኑን ስለ መሰከሩ፥ በሕፃኑ ፊት «ይህ የኛ ነው» ማለት ተረት አይሆንም።

ብዙ ገንዘብ ለማውጣት ለማይመቸው ወላጅ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የከተማ ባቡር ለገሃር ድረስ መሄድ ለሕፃን ራሱ ትርኢት ነው። እዚያም ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተጕዞ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስለ ገባው አሮጌ ባቡር መንገር፥ በጣቢያው ፊት የቆመውንም የይሁዳ አንበሳ ማሳየት ይቻላል። ይህ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. የቆመ ነው፤ ጣልያን ወደ ሮም ወስዶት ከብዙ ዓመት በኋላ ወዳገሩ ተመለሰ። ሕፃናት የጠፋና የተመለሰ ነገር ታሪክ በጣም ይወዳሉ። ከዚያም በሌላ ቀን ወደ አራዳ ወጥቶ የምኒልክን ሐውልት ቢያዩ፥ እርሱንም ጣልያን ነቅሎ እንደ ቀበረው፥ ነፃነትም ሲመለስ ተቈፍሮ እንደ ቆመ ቢነግሩ፥ ሁለቱ ታሪኮች ተጋግዘው በልቡ ይቀመጣሉ። በአጠገቡ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ።

እንጦጦም አይረሳ። በአየሩና በባሕር ዛፉ ጥላ መካከል ሕፃኑን ማስሮጥ ለጤናው ይበጃል። ነገር ግን ከተራራው የማገዶ ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ሲያይ፥ ዓይኑን ወደ ሌላ እናዙር አንበል። መንገድ ይልቀቅላቸው፤ «እንደምን አደራችሁ» ማለትንም ይማር። ይህም ከቤተ መዘክር የማያንስ ትምህርት ነው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ ከየት ይገኛል?» ይል ይሆናል። እኛም በመዝገብና በቀጠሮ መካከል የምንውል ሰዎች ስለ ሆንን የጊዜን ማጠር እናውቃለን። ሆኖም ሁለት ነገር እናስታውሳለን። መጀመሪያ፥ ከተማ አይጠብቅም፤ በአራዳ ዙሪያ ከነበሩት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል፤ ከዚያ በፊት ልጁን ይዞ ያላሳየ አባት ዛሬ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሁለተኛ፥ ልጅም አይጠብቅም። በአምስት ዓመቱ እጃችንን ይዞ «ይህ ምንድን ነው?» የሚለን ልጅ፥ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር መሄድን ይመርጣል።

ስለዚህ የሚመጣው ቅዳሜ ሳይደርስ በዚህ ሳምንት አንዱን ቤት ይምረጡ፤ ሰዓቱን ይጠይቁ፤ ዳቦውንና ውሃውን ያሰናዱ። ስልኩ በኪስ ይቀመጥ፤ የሕፃኑ እጅ ግን በእጅዎ ይሁን።