በደብረ ገነት ግቢ ይሰማ የነበረው ፒያኖ

ኢየሩሳሌም ውስጥ ከነቢያት ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ሲታጠፉ መንገዱ ወዲያው ይጠባል። ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር ነው። አንበሳ በተቀረጸበት በር ሲገቡ ክቧ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ትታያለች፤ አጼ ዮሐንስ አራተኛ ያስጀመሯት፣ በአጼ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመች ናት። ከመንገዱ ማዶ የዕብራይስጥን ቋንቋ ዳግም ለአፍ መፍቻነት ያበቃው የኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ቤት አለ። መነኩሲቷ ፒያኒስት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እናታቸው ካረፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም መጥተው እስከ ዕለተ ሞታቸው የኖሩት በቤተ ክርስቲያኗ ግቢ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው።

እኔ በዚህ ከተማ የሰው ቤት እየሠራሁ የኖርኩ ሴት ነኝ። ለመሳለም መጥቼ በዚያው ቀረሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስሮጥ እውልና ቅዳሜ ነፍሴ የምታርፈው ኪዳነ ምሕረት ነበር። ዓርብ ማታ የሰንበት ጡሩንባ ከተነፋ በኋላ አውቶቡሱም ይቆማል፣ ሱቁም ይዘጋል፤ በእግሬ ነው የምመጣው። ጸሎቴን አድርሼ ጫማዬን ሳጠልቅ ነው አንዳንዴ ፒያኖው የሚሰማኝ። ከተማው ጭር ስላለ ድምፁ ከክፍሉ ወጥቶ ግቢውን ይሞላዋል። እደረጃው ላይ ቁጭ እላለሁ። ግራ እጃቸው ሳይቸኩል ይመላለሳል፤ ቀኝ እጃቸው ደግሞ አንዱን ድምፅ ይዞ ያርገበግበዋል፣ ያዘገየዋል፣ አለቀ ሲሉት እንደገና ያነሣዋል። ውጭ አገር ያሉ ጸሐፊዎች ጃዝ ይሉታል፣ ብሉዝ ይሉታል። በደብተራ አያት እጅ ላደግኩት ለእኔ ግን ማሕሌት ነው፤ ሌሊት ዝማሜው ሲረዝም፣ መሪጌታው ዜማውን ሲስበው የሚሰማ ነገር አለበት።

እንዲህ ማለቴ ለአገር ወገን ለማዳላት አይደለም። እማሆይ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊማሩ ጎንደር ተቀምጠዋል። እዚያ ነው የቆሎ ተማሪዎችን ያዩት፤ ኮፈዳ አንግተው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ የሚለምኑ፣ ማታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የሚያድሩ ልጆች። የሚሰጧቸው ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ፒያኖው ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያው ሸክላቸው ጀርመን አገር ታተመ፤ የሸክላዎቻቸው ገቢም ለችግረኛና ለወላጅ አልባ ልጆች ዋለ። በዝና የሚታወቁበትን ሙዚቃ ያሳተሙት በዚህ ምክንያት መሆኑን ሰው ሁሉ ቢያውቅልኝ ደስ ይለኛል።

ታሪካቸው ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጎላው ለንደን ነው። የውብዳር ተብለው በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ፣ እኅታቸው ደግሞ በኋላ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆኑት ስንዱ ገብሩ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ቫዮሊን ተማሩ። ጣሊያን ሲወር ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው በአሲናራ ደሴት፣ ከዚያም ኔፕልስ አጠገብ መርኮሊያኖ ታሰሩ፤ የቤተሰባቸውንም ሰዎች ጠላት ገደለባቸው። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ወርደው ኮንቶሮቪች ከሚባለው ፖላንዳዊ መምህር ዘንድ በቀን አምስት ሰዓት ፒያኖ፣ አራት ሰዓት ቫዮሊን ይለማመዱ ነበር። ከዚያ ለንደን የመማር ዕድል መጣ፤ ፈቃድ ግን ተከለከሉ። እህል አልቀምስም ብለው 12 ቀን ሰነበቱ። ሞት ደጃፍ ደርሰው ቆረቡ፣ ተኙ፣ ሲነቁ ልባቸው ተለውጦ ነበር። ግሸን ማርያም ሄደው መነኮሱ፤ አሥር ዓመት በባዶ እግር ኖሩ።

ይህን የሚተርኩ ሁሉ ትልቅ ፒያኒስት ጠፋች ብለው ያዝናሉ። እኔ አላዝንም። እደረጃው ላይ ተቀምጬ የሰማሁት የተቀማ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ጎልጎታ»፣ «ኢየሩሳሌም»፣ «የጌቴሴማኒ አትክልት ስፍራ» የሚሉትን ድርሰቶች የሠሩ እናት ፒያኖውን ከጸሎት ለይተው የሚያዩ አይመስለኝም። ክፍላቸው ውስጥ ከፒያኖው ጋር በገዛ እጃቸው የሣሏቸው ቅዱሳት ሥዕላት ነበሩ፤ የአጼ ኃይለ ሥላሴም ፎቶግራፍ። አልጋው፣ ሥዕሉ፣ ፒያኖው ሁሉ በአንዲት ክፍል ነው። በግቢው ሲያልፉ ግን ነጠላ ያጣፋ ሰው ሁሉ ዝቅ ብሎ ይሳለማቸዋል፤ እርሳቸውም አጸፋውን ጎንበስ ብለው ነው የሚመልሱት። ያን ጊዜ ዓለም የሚያውቃቸው ናቸው ብሎ የሚጠረጥር አይኖርም ነበር።

ዓለም ያወቃቸው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሙዚቃ ተከታታይ 21ኛ ቁጥሩን እ.ኤ.አ. በ2006 ለእርሳቸው ከሰጠ ወዲህ ነው። እስራኤላዊቷ ፒያኒስት ማያ ዱኒትዝ እዚሁ ግቢ መጥታ ጠየቀቻቸው። እማሆይ በአየር መንገድ ፌስታል ታጭቆ የኖረውን የኖታ ወረቀት አስረከቧት። እ.ኤ.አ. በ2013፣ 90 ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ፣ ኖታው በመጽሐፍ ታትሞ በኢየሩሳሌም የሙዚቃ ዝግጅት ቀረበ። እኔን የሚደንቀኝ ፌስታሉ ነው። አንድ ዕድሜ የተጻፈ ዜማ፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ ከአልጋ ብዙም ሳይርቅ እንዲያ ተጠቅልሎ መቆየቱ።

ያረፉት መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ነው። ዕለቱ እሑድ፣ ከዐቢይ ጾም ሳምንታት ገብር ኄር ነበር። በዚያን ቀን የሚነበበው ወንጌል ስለ መክሊቱ ነው፤ አምስት ተቀብሎ አምስት ስላተረፈው፣ አንዷንም መሬት ቆፍሮ ስለቀበራት ባሪያ። ዜናውን ስሰማ ወንጌሉ ገና በጆሮዬ ነበር። አለቀስኩ፤ ግን እርሳቸው የተሰጣቸውን ቀብረው አልሄዱም። ግሸን ሄደው ቢመነኩሱም አልቀበሩትም፤ በኋላ ለቆሎ ተማሪ ብለው አወጡት።

አሁን ኖታው አለ። እንደ ሾፐን፣ እንደ ቤትሆቨን ተነቦ የሚጫወቱት ኖታ ነው። አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ ሁሉ የፒያኖ ትምህርቱን ሲጀምር ከእርሳቸው ገጽ አንዱን ቢያጠና፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር የአብነት ተማሪም መጥቶ ዜማው ከየት እንደተቀዳ ቢነግረው እወዳለሁ። ልጁ ጣቱን ያውቃል፤ ተማሪው ግዕዝና ዕዝሉን ያውቃል። እማሆይ ሁለቱንም ያውቁ ነበር።