«ስንት ይዘህ መጣህ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ይበል እንጂ፣ በከተማችን ወጣት ሲታመም ነገሩ በሹክሹክታ ይያዛል። በሃያ ሰባት ዓመቴ ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ ማቆማቸው ሲነገረኝ፣ ጠያቂዬ ሁሉ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል ነበር። «አይዞህ» ይለኛል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ ጨዋታውም እዚያው ላይ ያልቃል።

ሳቅ ያገኘሁት ባልጠበቅሁት ቦታ፣ የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ ነው። ይህ ሕክምና በአብዛኛው በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ደም በቱቦ ወጥቶ በማሽን እየተጣራ ይመለሳል። ይህን ያህል ሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጦ ሳይጫወቱ መዋል ደግሞ ለሐበሻ አይሆንለትም። በግራዬ አንድ የታክሲ ሾፌር፣ በቀኜ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። ሦስታችንም ከሠላሳ በታች ነበርን።

ከማሽኑ በፊት እንመዘናለን። ሽንት ስለማንሸና የጠጣነው ውሃ ኪሎ ሆኖ ይታያል።

«ስንት ይዘሽ መጣሽ?» ይላታል ሾፌሩ።

«ሦስት ኪሎ።»

«አንቺ ሰው ነሽ ወይስ ቦኖ?»

ጤነኛ ሰው ላይስቅ ይችላል። በጥቂት ብርጭቆ ውሃ ቀኑን ሙሉ የዋለ ግን ይገባዋል።

ጠያቂ በወጉ መሠረት ሙዝና ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ሁለቱም ፖታሲየም የበዛባቸው ናቸው፤ ፖታሲየም ደግሞ በደማችን ሲከማች ልብን ሊያቆም ይችላል። «ዘመዶቼ ለውርስ ቸኩለዋል» ትላለች ልጅቱ፣ ፌስታሉን ለነርሶቹ እያሻገረች። ውርሱ ምን እንደሆነ ስንጠይቃት «ዕዳዬ!» ትላለች።

አንድ ቀን ያነበብሁትን አጫወትኋቸው። ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ እ.ኤ.አ. በ1943፣ አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለ፣ ሰው ሠራሽ ኩላሊት ሲሠራ ደሙን ያጣራው በቋሊማ መጠቅለያ ሴሎፎን ነበር። ሾፌሩ ጥቂት አሰበና «ታዲያ በጾም ይፈቀዳል?» አለ።

ንቅለ ተከላ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። ለመስጠት ግን ፈቃደኛ የሆነና የሚስማማ ዘመድ ያስፈልግ ነበር። «ወንድሞቼ ስልኬ ሲጠራ ጎናቸውን ይይዛሉ» ይለን ነበር ሾፌሩ። እንስቅ ነበር። ገንዘብ ሲያጥረው ሦስቱን ቀን ወደ ሁለት፣ ሁለቱን ወደ አንድ መቀነሱን ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ወንበሩ ባዶ ሆነ። በሚቀጥለው ሐሙስ ሌላ ሰው ተቀመጠበት። ልጅቱ ሁለት ሰዓት ያህል ድምጿን አላሰማችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ስንት ይዘህ መጣህ?» አለችኝ። «ሁለት ተኩል» አልኋት። ሳቃችን ከእንባችን ጋር ተቀላቀለ፤ አዲሱ ሰውዬ ግራ ገብቶት ያየን ነበር። ጥቂት ቆይቶ እርሱንም ጠየቅነው።

ቀልዳችን ሞትን አላራቀልንም። የሚያዝንልን ሰው ሞልቶ ነበር፤ ያጣነው የሚያሾፍብን ሰው ነበር። በሽተኛ የሚሾፍበት ገና ከሰው ስለሚቆጠር ነው። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ወጣት ወዳጅዎን ሊጠይቁ ሲሄዱ ፍሬውን ከመግዛትዎ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ። የሰፈሩን ወሬ ግን ሳይሰስቱ ይዘውለት ይሂዱ፤ እርሱ ኪሎ አይጨምርም።