ከልስኑ በስተጀርባ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ጉለሌ ውስጥ የሚገኘው የእኚህ ጡረተኛ መምህርት ቤት የተሠራው በ1964 ዓ.ም. ነው። ዘመኑ የለገዳዲ ግድብ አገልግሎት መስጠት ከጀመረ ብዙም ያልቆየበት፣ ከምንጭና ከጉድጓድ ሲቀዳ የኖረው የአዲስ አበባ ነዋሪ «ቧንቧ ግቢዬ ገባ» ለማለት የሚጓጓበት ወቅት ነበር። በከተማዪቱ ቀዳሚ የሆነው ቧንቧ በ1880ዎቹ ከእንጦጦ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ በስዊሱ ተወላጅ በአልፍሬድ ኢልግ ጥበብ የተዘረጋው ነው። ገፈርሳም በ1930ዎቹ ተገድቦ ውሃውን ወደ ከተማ ይልክ ጀመር። ሆኖም ከቤተ መንግሥት እስከ መምህራን ማድ ቤት ያለው መንገድ ረጅም ነበርና፣ ባልና ሚስቱ ከደመወዛቸው ቆጥበው ባሠሩት ቤት ውስጥ ለእንግዳ ከሳሎኑ አስቀድመው የሚያሳዩት የማድ ቤቱን ሩቢኔት ነበር። ቤታቸው አንድ ብቻ ስለ ነበረ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ አልደረሰበትም።

ባለቤታቸው በጥር 2009 ዓ.ም. አረፉ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ማርጀቱን በየምክንያቱ ያስታውቅ ጀመር። ጠዋት ሩቢኔቱ ሲከፈት አስቀድሞ ይስላል፤ ቀጥሎ ሻይ የመሰለ ቀይ ውሃ ይተፋል፤ አንድ ባልዲ ሙሉ ከፈሰሰ በኋላ ብቻ ይጠራል። ለጥምቀት የታጠበ ነጠላ ዝገት ለብሶ ከገመድ ወርዷል። መምህርቷ ጥፋቱን የሰጡት ለከተማው ውሃ ነበር። ሦስት ጊዜ አቤቱታ ጽፈዋል፤ ጽሑፋቸውም እንደ ድሮ የተማሪ ፈተና በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበት ነበር። ስሕተቱ የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ ከቤቱ ውስጥ የመነጨውን ችግር ከውጭ የመጣ ነው ብሎ ማመን ለማንኛውም ባለቤት ይቀልለዋል።

እውነቱን ያወጣው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የተጠሩት አንጋፋ የቧንቧ ሠራተኛ ወደ ማድ ቤት ከመግባታቸው በፊት በአጥሩ ሥር ካለው ቆጣሪ ቀጥሎ ያለውን መጋጠሚያ ፈትተው ውሃውን በብርጭቆ ተቀበሉ። ንጹሕ ነበር፤ ግፊቱም እጅ ይገፋል። ጎረቤት ሄደው ከዚያው መሥመር የሚጠጣውን ቤት ቢጠይቁም ውሃው የጠራ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሕመሙ ከቆጣሪው እስከ ሩቢኔቱ ባለው መንገድ ላይ መሆኑ ተረጋገጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ ዘመን ቧንቧ ብረት ሆኖ በዚንክ የተለበሰ ነው። ዚንኩ ራሱ እያለቀ ብረቱን ይጠብቃል፤ ባለቀ ጊዜ ግን ዝገት ይነሣል፤ ዝገቱም ቧንቧውን ከመብላት አልፎ በውስጡ እንደ እባጭ እያበጠ የውሃውን መተላለፊያ ያጠብባል። የመተላለፊያው ስፋት በዲያሜትሩ በግማሽ ሲቀንስ ቀዳዳው አንድ አራተኛ ብቻ ይቀራል፤ የሚያልፈው ውሃ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ችግሩ ይብሳል፤ ባዶው ቧንቧ እርጥበትና አየር አንድ ላይ ያገኛልና። አስቀድሞ የሚያፈሰውም ጥርስ የወጣበት ጫፍ ነው፤ ጥርስ ሲወጣ ብረቱ ይሳሳል፣ ልባሱም ይላጣል።

ሠራተኛው ከማድ ቤቱ ግድግዳ አንድ ክንድ የሚያህል ቧንቧ ቆርጠው አወጡና ለመምህርቷ አቀበሏቸው። እርሳቸውም ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንተው በውስጡ ቢመለከቱ፣ እርሳስ በጭንቅ የሚያልፍበት ቀዳዳ ብቻ ታየ።

«እትዬ፣ ይህን ቦታ ብደፍነው ከወዲያ ማዶ ይፈነዳል» አሉ ሠራተኛው። «ገንዘብዎን በየወሩ ከምበላ እውነቱን ልናገር። ሁሉም መለወጥ አለበት።»

መምህርቷ ዝም አሉ። ገንዘብ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ነበራቸው፤ ነገር ግን ለባለቤታቸው ሰባት ዓመት ተዝካር የተቀመጠ ነበር። ቀኑም ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቶታል።

ሌላም ነገር ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገሩም። በማድ ቤቱና በጓሮው በኩል በሚታየው ቧንቧ ላይ በአራት ቦታ የብስክሌት ከመነዳሪ በሽቦ ተጠፍሮ ይታያል። ባለቤታቸው በየጊዜው ያፈሰሰውን በገዛ እጃቸው ያሠሩት ነው። ቋጠሮው የሰውየውን ጠባይ ይመስላል፤ የሽቦው ጫፍ ሰው እንዳይቧጥጥ ወደ ውስጥ ተቆልምሟል። መምህርቷ አቧራውን ሲጠርጉ እንኳ እነዚያን ቋጠሮዎች አልፈው ነበር የሚጠርጉት።

ወሬው ለባለቤታቸው ታላቅ ወንድም ደረሰ። እሑድ መጡ፤ ሳይቀመጡም ጀመሩ።

«ወንድሜ ሊታሰብ የነበረው በፕላስቲክ ቧንቧ ነው እንዴ? ዘመዱ ምን ይበለኝ?»

«ጋሼ፣» አሉ መምህርቷ፣ «ወንድምዎ እጁን ያልታጠበ ሰው ከማዕዱ አያስቀርብም ነበር። ድንኳን ጥዬ መቶ ሰው ጠርቼ በጀሪካን ላስታጥብ?»

ሽማግሌው ቡናውን ሳይጠጡ ሄዱ። መምህርቷ በማግሥቱ ለሠራተኛው ቀብድ ከፈሉ።

ሥራው ሁለት ሳምንት ፈጀ። የቧንቧውን መንገድ የሚያውቁት ሟቹ ብቻ ስለ ነበሩ፣ ሠራተኛው ልስኑን በመዶሻ እጀታ እየኳኳ፣ ጆሮውን ለግድግዳው እየሰጠ ፈለጉን ማግኘት ነበረበት። ረዳቱ ወጣት የሳሎኑን ወለል ለመስበር ሲነሣ አንጋፋው ከለከሉት፤ በወለሉ ሥር ያለው አሮጌ ቧንቧ ተቆርጦ፣ ጫፉ ተደፍኖ በድን ሆኖ እንዲቀር፣ አዲሱ ግን በኮሪደሩ ግድግዳ እንዲያልፍ ወሰኑ። ከሥራው ሁሉ ለቤቱ ትልቁ ውለታ ይህ ውሳኔ ሳይሆን አይቀርም።

ከእነዚህ ሰዎች አፍ የሚወጣው ቃል ራሱ አንድ የታሪክ ቅሪት ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጎሚቶ፣ ሩቢኔት፤ ጣሊያን ከወጣ ከሰማንያ ዓመት በኋላም ሙያው በቋንቋው ይናገራል። ወጣቱ ግን ፒፒአር የተባለውን አረንጓዴ ፕላስቲክ ቧንቧ ይዞ መጥቷል፤ ለዚህኛው ጥርስም ቃጫም አያሻም። ማሞቂያው 260 ዲግሪ ሲደርስ ቧንቧውና መጋጠሚያው አንድ ላይ ይገባሉ፤ 20 ሚሊ ሜትር ለሆነው አምስት ሰከንድ ይበቃል፤ ወዲያው ወጥቶ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይጋጠማል። ችኩል ሰው ቢያነሰው አይዋሐድም፤ ዝንጉ ሰው ቢያበዛው ቅላጩ ወደ ውስጥ ፈስሶ አዲሱን ቧንቧ ገና በመጀመሪያው ቀን ያጠብበዋል። አንጋፋው ወጣቱን ጮክ ብሎ እንዲቈጥር አደረጉት። መምህርቷም ከሳሎን ሆነው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚለውን ድምፅ ሲሰሙ ክፍል ውስጥ ያሉ እየመሰላቸው ነበር።

የሙቅ ውሃው መሥመር ግን እንደ ብረት አይደለም። ዐሥር ሜትሩ በ40 ዲግሪ ቢሞቅ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማልና መላወሻ ይፈልጋል። ከግቢው ያለውም ፀሐይ እንዳያደርቀው በመሬት ተቀበረ።

አንድ ነገር ብቻ ተረስቶ ነበር። አሮጌው ቧንቧ ከወጣ በኋላ ምሽት ላይ መምህርቷ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሲነኩ ጣታቸውን ነዘራቸው። «አርዝ» የሚባለው የመሬት ሽቦ ያን ጊዜ የታሰረው ከውሃው ብረት ጋር ኖሯል! ብረቱ ሲቆረጥ የቤቱ መከላከያ አብሮ ተቆረጠ፤ ፕላስቲክ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት አያወርድም። አንጋፋው ሌሊቱን ዋናውን ማብሪያ አስጠፍተው በማለዳ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዘው መጡ፤ በጓሮውም የመዳብ ዘንግ ተተከለ። «ይህን ሳልጠይቅ መቁረጤ የኔ ጥፋት ነው» ብለው ለዚያ ቀን ሒሳብ አልተቀበሉም።

ልስኑ ከመመለሱ በፊት መሥመሩ በግፊት ተሞልቶ ውሎ አደረ። መለኪያው አልወረደም።

ተዝካሩ በቀኑ ተደረገ፤ ድንኳን ግን አልነበረም። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ጥቂት ካህናት፣ የሰፈሩ ድኾችና የቅርብ ዘመዶች ዳቦና ጠላ ቀመሱ። ታላቅ ወንድምዬው ዘግይተው መጡ፤ ጥግ ይዘውም ተቀመጡ። እጅ ለመታጠብ ወደ ማድ ቤት ሲገቡ በመስኮቱ ደፍ ላይ አንዲት አጭር ብረት አዩ። ቆራሌው አሮጌውን ቧንቧ ሲወስድ መምህርቷ ያስቀሯት፣ ከመነዳሪው ከነሽቦው ያለባት ቁራጭ ነበረች።

ሽማግሌው አነሧት። ጎማውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ አገላብጠውም ከሽቦው ሥር የቀረውን የመጣፊያ ምልክት ተመለከቱ።

«ይህ ከመነዳሪ የኔ ነው» አሉ። «ከብስክሌቴ ላይ ነው የወሰደብኝ። ሌባ ነው ብዬ የግቢውን ዘበኛ ስንት ቀን አስጨንቄው ነበር።»

መምህርቷ ሩቢኔቱን ከፈቱላቸው። ሽማግሌው ብረቷን በግራ እጃቸው እንደ ያዙ፣ ቀኝ እጃቸውን ብቻ ታጠቡ።