የሲዳር ሂል በርና የሰላ ድንጋይ መምህር

የልጄ መምህርት የላከችው ወረቀት ሁለት ገጽ ነበር። የመጀመሪያው እንደ ወትሮው የፈቃድ ወረቀት ነው፤ ስም፣ ስልክ፣ የማይስማማት ምግብ ካለ፣ ፊርማ። ሁለተኛውን ግን ማዕድ ቤት ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ልጆቹ ወደ ፍሬድሪክ ዳግላስ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያነቡ፣ እዚያ ሲደርሱ የትኞቹን ዕቃዎች ፈልገው እንደሚያገኙ፣ ከተመለሱ በኋላ ምን እንደሚጽፉ ተዘርዝሮ ነበር። እኔ ያደግኩት መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ በእግር በሚደረስባት አንዲት መንደር። ታሪክ ተምሬያለሁ፤ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ታሪክ ላሳይሽ ብሎ ወደ አንድ ቤት የወሰደኝ መምህር ግን አልነበረም።

አጃቢ ወላጅ ሆኜ አብሬያቸው ሄድኩ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ ካልተለዩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲዳር ሂል የሚባለው ቤት ከዋሽንግተን መሐል ወንዙን ተሻግሮ፣ አናኮስቲያ ሰፈር፣ ኮረብታ ላይ ነው ያለው። ከፊቱ ሲቆሙ የምክር ቤቱ ጉልላት ከሩቅ ይታያል። ዳግላስ ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት ተወልዶ በ1838 አምልጦ ነጻ የወጣ፣ ባርነትን በንግግሩና በጽሑፉ የታገለ ሰው ነው። ወደዚህ ቤት የገባው በ1878 ሲሆን በ1895 እስኪሞት ድረስ ኖሮበታል። መጻሕፍቱ፣ ቫዮሊኑ፣ ከዘራዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። የፕሬዚዳንት ሊንከን ሚስት ባሏ ከተገደለ በኋላ የሊንከንን ከዘራ ለዳግላስ በስጦታ ልካለት ነበር።

የተቀበለችን የፓርክ ሠራተኛ ለልጆቹ ንግግር አላደረገችም። የመጻሕፍት ክፍሉ በር ላይ አቁማቸው «ይህ ሰው ምን ይወድ እንደነበር ከዚህ ክፍል ውስጥ ምን ይነግራችኋል?» አለቻቸው። አንዱ መብራቱን አየ፤ ሌላዋ የወንበሩን አቀማመጥ። ከዚያ አንድ ልጅ «ማንበብ ያስተማረው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ሴትዮዋ ይህንን ጥያቄ ስትጠብቅ የቆየች ይመስል ነበር። የጌታው ሚስት ፊደል ማስቆጠር ጀምራ እንደነበር፣ ባሏ እንደከለከላት፣ ልጁ ዳግላስም ከዚያ በኋላ ለሰፈሩ ድሆች ነጭ ልጆች ዳቦ እየሰጠ ፊደሉን ከእነሱ እንደቀሰመ ነገረቻቸው። ልጄ ወደ እኔ ዞራ «እንደ አባባ» አለችኝ። አባቴ ከየኔታ ዘንድ ቆሎ ቋጥረው ፊደል የቆጠሩበትን ታሪክ በስልክ ነግረዋት ነበርና።

ከቤቱ ጀርባ ደግሞ አንድ ክፍል ያላት ትንሽ የድንጋይ ቤት አለች። ዳግላስ ከሰው ተሸሽጎ የሚያነብባትና የሚጽፍባት ነበረች። ያቺን ሳይ የቆሎ ተማሪ ጎጆ ታየኝ፤ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሥር ያሉት፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባቸው።

መምህርቷ ከዚህ ቤት ጋር ብቻዋን አልተገናኘችም። የአሜሪካ የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ከ1991 ጀምሮ በታሪካዊ ቦታዎች ላይ የተመሠረተ የትምህርት ዝግጅት ለመምህራን ያቀርባል፤ ቦታው ድረስ መሄድ የማይችል ክፍልም ከካርታና ከፎቶግራፍ እንዲማርበት ተደርጎ የተሰናዳ ነው። መምህራን በክረምት ዕረፍታቸው ለሳምንታት በታሪካዊ ቦታዎች እየሠሩ፣ ለክፍላቸው የሚሆን ትምህርት ይዘው የሚመለሱበት መንገድም አለ። የዳግላስ ቤት በበኩሉ በየዓመቱ ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች የንግግር ውድድር ያዘጋጃል። ልጁ ከዳግላስ ንግግሮች አንዱን ቁራጭ በቃሉ ይዞ በዳኞች ፊት ቆሞ ይወጣዋል።

በቃሉ ይዞ! ይህንን ስሰማ ወደ ቤቴ የተመለስኩ ያህል ተሰማኝ።

ምክንያቱም እኛ ቤት ታሪክ በቃል ነበር። ማታ የኩበቱ እሳት ዳር፣ አባቴ ባናቸውን ተከናንበው ዘር ይቆጥሩ ነበር። የራሳቸውን ሲጨርሱ የነገሥታቱን ይቀጥላሉ፤ ነጋሢ፣ ስብስቴ፣ አቢዬ፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴ። እኛ ልጆቹ ከኋላቸው እየተከተልን እንደግማለን፤ አንዱን የዘለለ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ለመንዝ ሰው ዘር ቆጠራ የማታ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ርስት የሚገኘው እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ በማስረዳት ነበርና፣ መቁጠር ያልቻለ ሰው ሸንጎ ፊት መሬቱን ይነጠቃል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የቆጠራው ጥቅም ቀረ። የአባቴ ትውልድ ግን ከአፉ አልለየውም።

ትምህርት ቤት ስንሄድ ይኸው ታሪክ በመጽሐፍ ጠበቀን። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ መነሻው መንዝ፣ መሥራቹ ነጋሢ ክርስቶስ፣ ዘመኑ የ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም። ሁለት መስመር ነበር። ደብተራችን ላይ ገለበጥነው፣ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍን። እዚያው መንዝ ውስጥ ተቀምጠን «መንዝ» የሚለውን ቃል እንደ ሩቅ አገር ስም ጻፍነው። አባቴ ማታ የሚቆጥሩት ነጋሢና መምህሩ በጠመኔ የጻፉት ነጋሢ አንድ ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። በመምህራችን አልፈርድም። ከሌላ አውራጃ ተመድበው የመጡ፣ ሰባ ልጅ የሚያስተምሩ፣ ከጠመኔና ከመጽሐፉ በቀር ምንም ያልተሰጣቸው ደግ ሰው ነበሩ። በዙሪያቸው ምን እንዳለ የነገራቸው አካል አልነበረም።

ምን ነበር? አንዱን ልንገራችሁ። ሰላ ድንጋይ የሣህለ ሥላሴ እናት፣ የወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ ነበረች። ዮሐን ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ በመጋቢት 1842 ከአንኮበር ተነስቶ ወደ ጎንደር ሲያቀና እዚያ ደርሶ አነጋግሯቸዋል፤ ከዚያም በመንዝና በግሼ በኩል ወደ ወሎ ዘለቀ። ያየውን በየቀኑ ጽፎ፣ ማስታወሻው ለንደን ውስጥ በ1843 ታትሟል። አንድ እንግዳ በእኛ ጋራና ሸለቆ ሲያልፍ ያስቀረው የዕለት ማስታወሻ ነው። ከዚያ ውስጥ የሰላ ድንጋዩንና የመንዙን ክፍል ብቻ በአማርኛ ተርጉሞ፣ ስድስት ሰባት ገጽ አድርጎ ለአካባቢው የታሪክ መምህር መስጠት ስንት ያስወጣል? ተማሪው ክራፕፍ የሄደበትን መንገድ ያውቀዋል፤ ፍየል ያግድበታል። የእንግዳው ዓይን የት እንደሳተ ሊነግረንም ይችላል።

አሁን እንደ አባቴ ልቁጠር። ዘነበወርቅ ሣህለ ሥላሴን ወለዱ። ሣህለ ሥላሴ ወይዘሮ ተናኘወርቅን ወለዱ። ተናኘወርቅ ራስ መኮንንን። ራስ መኮንን ተፈሪን፣ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉትን። እኚህ ንጉሠ ነገሥት ጣሊያን አገራቸውን በያዘ ጊዜ እንግሊዝ ተሰደው ባዝ ከተማ ውስጥ ፌርፊልድ የተባለ ቤት ገዙ፤ ከ1936 እስከ 1940 ድረስ ኖሩበት። የሕይወት ታሪካቸውን መጽሐፍ የጀመሩት በዚያው ስደት ነው። በ1958 ቤቱን ለከተማው አረጋውያን እንዲሆን ሰጡ። ዛሬ ቤቱ ቆሟል፤ ጎብኚ ይገባበታል፤ የሰፈሩ ሰዎች ታሪኩን እየተናገሩ ያሳያሉ። የአራት ዓመት የስደት ቤት ነው። የባዝ ልጅ የኢትዮጵያ ንጉሥ በብርድ የኖሩበትን ክፍል ገብቶ ያያል፤ የሰላ ድንጋይ ልጅ ግን በሚኖርበት ኮረብታ የእኚያው ንጉሥ የዘር ሐረግ ማለፉን በመጽሐፍ ሁለት መስመር ይማራል። ይህ ያመኛል፤ አልደብቅም።

አገራችን የታላላቅ ሰዎችን ቤት ሙዚየም ማድረግ አታውቅም ማለቴ አይደለም። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ የመኝታ ክፍል ሳይቀር ይታያል። የአዲስ አበባ ሙዚየም በራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ውስጥ ነው። የደሴው ሙዚየም በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ተቋቁሞ ነበር፤ በ2021 በጦርነቱ ተዘረፈ፤ የዕቃውን ያህል ወደዚያ ይሄዱ የነበሩ ተማሪዎች የተነጠቁትም ያሳዝነኛል። አዲስ አበባ ያሉትን ግን የመንዝ ልጅ የሚያያቸው ዕድል ቀንቶት ዩኒቨርሲቲ ከተመደበ ነው። ያን ጊዜም ተሰልፎ ገብቶ፣ በመስታወት ውስጥ ያለውን አይቶ፣ ተሰልፎ ይወጣል። በር ላይ አቁሞ «ይህ ክፍል ምን ይነግርሃል?» የሚለው ሰው ካላገኘ ያየው ዕቃ ዕቃ ሆኖ ይቀራል።

መርሐቤቴ ውስጥ ዓለም ከተማ የሚያስተምር የአጎቴ ልጅ አለ። ስለ ሲዳር ሂል ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «እትዬ፣ እኔ ልጆቹን አዲስ አበባ ልወስዳቸው አልችልም። ግማሾቹ ከጀማ በረሃ አፋፍ በእግር የሚመጡ ናቸው። ሙዚየሙ ራሱ ወደ እኔ ክፍል የሚመጣበት መንገድ ካለ ግን ንገሪኝ» አለኝ።

መንገድ አለ። እዚህ አሜሪካ አንዳንድ ሙዚየሞች ለትምህርት ቤት የሚያውሱት ሣጥን አላቸው። ልጆች የሚነኩት ዕቃ፣ የደብዳቤ ቅጂ፣ ለመምህሩ የሚሆን ማብራሪያ ይታሸግበትና ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ይዞራል። እኔ ለመንዝ ሣጥን ብሠራ መጀመሪያ የማስገባው ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ ዝተት ነው፤ ከነእንዝርቱ። ልጆቹ እናቶቻቸው ሲፈትሉ የሚያዩት ነገር የታሪክ ማስረጃ መሆኑን በእጃቸው ይወቁት። ቀጥሎ የክራፕፍን ገጾች በአማርኛ። ቀጥሎ ከዘነበወርቅ እስከ ባዝ የሚወርደውን የዘር ሐረግ፣ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ክፍት ሆነው፣ ልጁ የራሱን አባትና አያት የሚጽፍበት። ሣጥኑ ከመዞሩ በፊት ደግሞ መምህራኑ በክረምት ለጥቂት ቀናት ተሰብስበው፣ አበላቸው ተከፍሏቸው፣ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ቦታዎቹን በእግር ይዩ። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጪ ብባል የመምህራኑን ክረምት እመርጣለሁ። ሣጥን ይጠፋል፣ ጣሪያ ያፈሳል፤ አካባቢውን የሚያውቅ አንድ መምህር ግን በሥራ ዘመኑ ሺህ ልጆች ያልፉበታል።

ሣጥኑን ማን ይጠብቀዋል የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የዳግላስን ቤት መጀመሪያ የጠበቀው መንግሥት አልነበረም። ሚስቱ ሄለን ቤቱ እንዳይሸጥ ለፍታ ማኅበር አስቋቋመች፤ ከ1916 ጀምሮ የጥቁር ሴቶች ብሔራዊ ማኅበር ገንዘብ እያዋጣ ዕዳውን ከፍሎ አቆየው፤ መንግሥት የተረከበው በ1962 ነው። እኛ ደግሞ ጓሳ አለን። የመንዝ ሰው ከ3,200 ሜትር በላይ ያለውን ያን የሣር ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት፣ አባ ቄራ ሾሞ፣ ሦስትና አምስት ዓመት እየከለለ፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ እየከፈተ ጠብቆታል። የቤቱ ክዳን የሚመጣው ከዚያ ነበርና። ሥርዓቱ በመሬት አዋጁ ጊዜ ቢፈርስም ሕዝቡ መልሶ በኮሚቴ አደራጅቶት ዛሬም አለ። ሣርን ለልጅ ልጅ ያቆየ ሕዝብ የታሪክ ሣጥን መጠበቅ አያቅተውም። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ ያለነው የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ልጆች ለለቅሶና ለሠርግ የምናዋጣውን ያህል ባይሆንም፣ ለአንድ ክረምት የመምህራን አበል የሚሆን አናጣም።

ልጄ ዘንድሮ ለውድድሩ እየተዘጋጀች ነው። ቅዳሜ ማታ አባቴ ሲደውሉ የዳግላስን ንግግር በእንግሊዝኛ ወጣችላቸው። ቃሉ ባይገባቸውም እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«ማን ይባላል ሰውዬው?» አሉ።

«ፍሬድሪክ ዳግላስ፣ አባባ።»

«የማን ልጅ ነው?»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። አባቱ ማን እንደሆነ በእርግጠኝነት እንደማያውቅ፣ ከእናቱም በሕፃንነቱ እንደለዩት፣ ባሪያ ሆኖ የተወለደ ሰው ዘሩን እንዳይቆጥር መደረጉን በተሰባበረ አማርኛዋ ነገረቻቸው። አባቴ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«እንግዲያው ልጄ» አሉ፣ «አንቺ የራስሽን ቁጠሪ። እኔ እጀምርልሻለሁ፤ ጻፊ።»

እርሳስ ፍለጋ ወደ ክፍሏ ሮጠች።